ስለ አዳኝ ድንኳንና ስለ መኝታው

የአደን ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚነገረው የቀኑ ሥራ ነው። አዳኙ ዱካውን እንዴት እንዳገኘ፥ በነፋስ በታች ሆኖ እንዴት እንደ ቀረበ፥ ጥይቱ የት ላይ እንዳረፈ፥ ዝሆኑ ወይም ጎሹ እንዴት ሆኖ እንደ ወደቀ ይተረካል። ፎካሪውም በጌታው ፊት ቆሞ ግዳዩን ሲቈጥር አንድ ሌሊት እንኳ አይቈጥርም። ዳሩ ግን አንድ ወር በቈየ አደን ውስጥ ጥይት የሚተኰስበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፤ የቀረው መንገድና ሌሊት ነው። ወደ ቆላ ወርደው ሳይመለሱ የቀሩትን ሰዎች ታሪክ ስንመረምርም፥ በቀን አውሬ ከጣላቸው ይልቅ ሌሊት በመኝታቸው ሳሉ ባገኛቸው ሕመም ያለቁት ይበዛሉ። ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ታሪክ የጠመንጃ ታሪክ ሳይሆን የድንኳንና የመኝታ ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸው ሰዎች የሚበዙት የውጭ አገር ሰዎች ስለ ሆኑ ዘመኑን በፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን።

ድንኳን ባገራችን ታሪክ ከቤት ያነሰ ክብር አልነበረውም፤ እንዲያውም በብዙ ዘመን የነገሥታቱ ቤት ራሱ ድንኳን ነበረ። በግዕዝ ድንኳን «ደብተራ» ይባላል፤ የሙሴም ማደሪያ «ደብተራ ኦሪት» መባሏ ስለዚህ ነው። ከ1520 እስከ 1526 ዓ.ም. ድረስ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ባገራችን የተቀመጡት ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1540 በሊዝቦን የታተመ መጽሐፍ ትተውልናል። በዚህም መጽሐፍ የዐፄ ልብነ ድንግልን መናገሻ ሲያመለክቱ የድንጋይ ከተማ አይደለም የሚያመለክቱት። የንጉሡ ድንኳኖች በመካከል ተተክለው፥ በዙሪያቸው ጥቁርና ነጭ ሆኖ የተሠራ ረጅም መጋረጃ ተጋርዶ፥ ከዚያ አጠገብ የድንኳን አብያተ ክርስቲያናት ቆመው፥ መኳንንቱም በየማዕርጋቸው በቀኝና በግራ ሰፍረው፥ ገበያተኛውም በተመደበለት ስፍራ ሆኖ ይታያል። ይህ ሁሉ በታዘዘ ጊዜ ተነቅሎ በሌላ ሜዳ ላይ በዚያው ሥርዐት እንደ ገና ይተከል ነበር።

ይህ ሥርዐት ከስማችን ውስጥ እስከ ዛሬ አልወጣም። ደጃዝማች የደጅ አዝማች፥ ቀኛዝማች የቀኝ፥ ግራዝማችም የግራ ማለት እንደ ሆነ የማያውቅ የለም፤ እነዚህ ማዕርጎች ሠራዊቱ ሲጓዝና ሲሰፍር ከሚይዘው ቦታ የተወሰዱ ናቸው። «ከተማ» የሚለውም ቃል አስቀድሞ የጦር ሰፈር ማለት ነበረ። አዲስ አበባም በ1886 ዓ.ም. ስትቈረቈር በድንኳን ስለ ጀመረች፥ በመኳንንቱ ስም «የእገሌ ሰፈር» እየተባሉ የሚጠሩት መንደሮች የዚያን ጊዜ ትዝታ ናቸው። ቀይ ድንኳን የንጉሠ ነገሥቱ መለያ ስለ ነበረ፥ ማታ ዘግይቶ የገባ ወታደር ቀዩን ድንኳን ከሩቅ አይቶ የራሱን ሰፈር በየት በኩል እንደሚያገኝ ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ለመንግሥት የሚሆን ድንኳን እንዲህ ያለ ነው፤ ትልቅ፥ የሚታይ፥ ክብርን የሚናገር። ጌታ ለአደን ሲወጣም ይህን ልማድ ትቶ አይወጣም ነበር። ነገር ግን ለግብር አዳራሽ የሚመቸው ድንኳን ለአዳኝ ይመቻል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በብዙ ነገር ይጐዳዋል። የጥጥ ጨርቅ ውሃ ይጠጣል። ደረቅ ሳለ በቅሎ ያለ ችግር የምትሸከመው ድንኳን ሌሊቱን ዘንቦበት ጧት ሲታጠፍ ወገቧን ያጐብጣታል፤ ከጓዙም የተነሣ ሰፈሩ ረፋድ ላይ ሲነሣ፥ አዳኝ የሚፈልገው የማለዳ ሰዓት ያልፋል። ደግሞም ነጠላ የጥጥ ክዳን በዝናብ ጊዜ ከውስጥ በኩል በእጅ ወይም በጠመንጃ አፈ ሙዝ የነኩት እንደ ሆነ፥ የተነካው ቦታ ውሃ ማውረድ ይጀምራል፤ ጨርቁ ካልደረቀም በቀላሉ አያቆምም። በቀትር ደግሞ ፀሐዩ በነጠላው ጨርቅ አልፎ ስለሚገባ፥ በቆላ አገር ከድንኳኑ ውስጥ ይልቅ የግራሩ ጥላ ይሻላል።

ለዚህ መድኀኒቱ ድርብ ክዳን ነው፤ ድርብ ክዳንም አዲስ ነገር አይደለም። ዘጸአትን በምዕራፍ 26 የተመለከተ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ደብተራ ኦሪት የተከደነችው በአንድ ጨርቅ አልነበረም። ከውስጥ የበፍታ መጋረጃ ነበረ። በእርሱ ላይ ከፍየል ጠጕር የተሠሩ 11 መጋረጃዎች፥ እያንዳንዱ ርዝመቱ 30 ክንድ ወርዱ 4 ክንድ ሆኖ ተዘረጉ። ከዚያም በላይ ቀይ የተነከረ የአውራ በግ ቍርበት፥ ከሁሉም በላይ ሌላ ቍርበት ተደረበ። መጽሐፉ ይህን የጻፈው ለአዳኝ ምክር ለመስጠት እንዳልሆነ ግልጥ ነው፤ ነገር ግን በምድረ በዳ የሚኖር ሕዝብ ድንኳንን እንዴት እንደሚያውቅ ከዚህ እንረዳለን። የዐረብ በዳውያን የፍየል ጠጕር ድንኳን ሥራው እንዲህ ነው፤ ደረቅ በሆነ ጊዜ ፈትሉ ስለሚላላ ነፋስና ጢስ ያሳልፋል፥ ዝናብ የነካው እንደ ሆነ ግን ፈትሉ አብጦ ቀዳዳው ይደፈናልና ውሃው በላዩ ይወርዳል። እንግሊዞችም በህንድ አገር ሲዘምቱና ሲያድኑ ፀሐዩ ስላስመረራቸው፥ ከድንኳኑ በላይ ሌላ ሸራ አየር በመካከላቸው እንዲያልፍ አድርገው መዘርጋት ለመዱ። የላይኛው ሸራ ፀሐዩንና ዝናቡን ይቀበላል፤ የታችኛው ቀዝቅዞና ደርቆ ይቀራል። ከዚህ በኋላ ወደ አፍሪካ ለአደን የሚመጣ ፈረንጅ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ድርብ ክዳን ይዞ ይመጣ ጀመረ።

ስለ ድንኳኑ ይህን ያህል ካልን ወደ መኝታው እንመለስ፤ ዋናው ነገር ያለው ከዚያ ነውና።

ተራው አዳኝ ድንኳን የሚጭንበት አጋሰስ አልነበረውም። ማታ ቅጠል ቈርጦ ጎጆ ይቀልሳል፤ ከበታቹ ጀንዲውን ያነጥፋል፥ ያለው አጎዛ ይጨምርበታል፤ ከላዩ ጋቢውን ወይም ቡልኮውን፥ የቻለም በርኖሱን ተከናንቦ ይተኛል። ይህ መኝታ የድሃ መኝታ እየተባለ ቢናቅም በጥበብ በኩል ሲመረመር የሚናቅ ሆኖ አይገኝም። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ከ1850 እስከ 1852 ዓ.ም. ድረስ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ተጕዞ ከተመለሰ በኋላ፥ በ1855 ተጓዦች የሚመሩበትን መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም ብዙ ጊዜ ታትሞ በአዳኞችና በወታደሮች እጅ ኖረ። ከምክሮቹ ሁሉ የሚበልጠው፥ በሜዳ የሚያድር ሰው ከላዩ ለሚለብሰው ከሚጨነቅ ይልቅ ከበታቹ ለሚያነጥፈው ይጨነቅ የሚለው ነው። ምክንያቱም ሰውን የሚያሞቀው ጨርቁ ሳይሆን በጨርቁ ውስጥ ተይዞ የሚቀመጠው አየር ነው። ከላይ ያለው ልብስ ተንፈስ ብሎ አየሩን ይይዛል፤ ከበታች ያለው ግን በሰውነታችን ክብደት ተጨፍልቆ አየሩ ይወጣል፥ መሬቱም ሙቀታችንን ያለ ከልካይ ይወስዳል። የበግ ጠጕር ግን በክብደት በቀላሉ አይጨፈለቅም። ስለዚህ አጎዛ ከበታች አድርጎ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው፥ በባዶ መሬት ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ከተኛው ሰው ይልቅ ደኅና ያድራል። የአገራችን ሰው ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም።

ጋልተን የጻፈው ሌላም ነገር አለ። መንገደኛ ሲመሽበት ትልቅ ዛፍ ፈልጎ ከሥሩ ያድራል፤ ነገር ግን የዛፉ ቅርንጫፍ ከላይ ነው፥ ግንዱም ቀጭን ነው፥ ነፋሱ የሚመጣው በጐን ነው። ለተኛ ሰው የሚጠቅመው ከጕልበት የማይበልጥ ዝቅተኛ ግርዶሽ ነው፤ ይኸውም የሣር ክምር፥ የኮርቻና የጭነት ድርድር፥ ወይም የአፈር ክትር ሊሆን ይችላል። ይህን ስናነብ የኛ ነጋዴዎች ሲሰፍሩ ጭነታቸውን ደርድረው በውስጡ የሚያድሩበት ልማድ ትዝ ይለናል። እንዲሁም በፒሬኔ ተራራ የሚጠብቁ የፈረንሳይ የጕምሩክ ዘበኞች በበግ ቍርበት በተሠራ ከረጢት ውስጥ ገብተው እንደሚያድሩ ጋልተን ገልጿል። በ1876 ዓ.ም. ፕራይስ ጆንስ የሚባል የዌልስ ነጋዴ ብርድ ልብሱን አጥፎና ዘግቶ፥ በአየር የሚነፋ የጎማ ትራስ ጨምሮበት የንግድ ዕቃ አደረገው። በዚያው ዘመን ኤድዋርድ ዊምፐር የሚባል ተራራ ወጪ በአራት እንጨት የምትቆም ትንሽ ድንኳን ሲሠራ፥ ጎማ የተቀባ የወለል ሸራ ከግድግዳው ጋራ አያይዞ ሰፋት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚህ በፊት ድንኳን ጣራና ግድግዳ ብቻ ነበረው እንጂ ወለል አልነበረውም፤ እርጥበትና ተንቀሳቃሽ ሁሉ ከበታች ይገባ ነበር።

ድንኳን ለሁሉ ጊዜ እንደማይሆን ያስተዋለ አዳኝ ደግሞ ሳሙኤል ቤከር ነው። ቤከር በ1861 ዓ.ም. ከባለቤቱ ጋራ ወደ ሱዳንና ወደ ኢትዮጵያ ወሰን መጥቶ በአትባራና በሰቲት ወንዝ ዳር አደነ። ሰቲት የኛው የተከዜ የታችኛው ክፍል ነው። በዚያም ዝሆንን በፈረስ ሆነው አባርረው በሰይፍ ቋንጃውን ከሚቈርጡት ከሐምራን ዐረቦች ጋራ አብሮ አደነ። ክረምቱ በገባ ጊዜ ግን ሶፊ በምትባል ስፍራ ድንኳኑን ትቶ የአገሩን ሰው ጎጆ ገዛ፤ ዋጋውም 10 ቂርሽ፥ ማለት በእንግሊዝ ገንዘብ 2 ሺሊንግ ብቻ ነበረ። ቤቱንም ሰዎች ጣራውን ነቅለው፥ በራሳቸው ተሸክመው፥ ቤከር በመረጠው ቦታ ላይ አቆሙለት። ከእንግሊዝ አገር የመጣ ባለጠጋ፥ ብዙ ወርቅ የወጣበትን ድንኳን አጥፎ በ2 ሺሊንግ ጎጆ ውስጥ ክረምቱን ማሳለፉ ብዙ ያስተምራል፤ የሣር ክዳን ሹል ሆኖ ከተሠራ ውሃን የሚያወርደው ከሸራ ይልቅ ነው፥ ጢስም ያወጣል። የሚተኛውም አንገረብ በሚባለው አልጋ ላይ ነበረ፤ ይኸውም እንደኛው የጠፍር አልጋ በአራት እግር የቆመና በቈዳ የተጠላለፈ ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ መተኛት ምን ያህል እንደሚጠቅም ወደ ታች እናያለን።

ሰው በሜዳ ሲያድር መጀመሪያ የሚፈራው አውሬን ነው፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1898 ዓ.ም. እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ውስጥ አገር የባቡር ሐዲድ ሲሠሩ፥ በጻቮ ወንዝ ላይ ድልድይ የሚሠሩትን የህንድና የአፍሪካ ሠራተኞች ሁለት አንበሶች ወራት ሙሉ ሲያስጨንቁ ኖሩ። ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች አንዱ ኡንጋን ሲንግ የሚባል የሠራተኞች አለቃ ነበረ። ድንኳኑ ውስጥ ከሌሎች ሰዎች ጋራ ሲተኛ ከተከፈተው ደጅ የሚቀርበው እርሱ ስለ ነበረ፥ አንበሳው በእኩለ ሌሊት ራሱን አስገብቶ ወሰደው። ሰፈሩ በእሾህ ታጠረ፥ እሳት ነደደ፤ ሆኖም አንበሶቹ ከአጥሩ ደካማ ቦታ እየፈለጉ ይገቡ ነበር። የድልድዩ መሐንዲስ ኮሎኔል ፓተርሰን ሁለቱን በታኅሣሥ ወር እስኪገድላቸው ድረስ ሥራው ተቋርጦ ነበር። የሟቾቹን ቍጥር ፓተርሰን ራሱ በኋላ 135 አድርሶታል፤ በዘመናችን የአንበሶቹን ጠጕርና አጥንት የመረመሩ ሊቃውንት ግን ወደ 35 ገደማ ይሆናል ብለዋል። ይህም ቢሆን ጥቂት አይደለም።

ከዚህ የሚያስገርመው ደግሞ በሰኔ 1900 ዓ.ም. በዚያው ሐዲድ ላይ ኪማ በሚባል ጣቢያ የሆነው ነው። ራያል የሚባል የፖሊስ ሹም ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋራ ሰው የሚበላ አንበሳ ሊገድል በባቡር ፉርጎ ውስጥ አደባ። ደጁ አልተቈለፈም፤ ተራውን ሊጠብቅ የተቀመጠውም ራያል እንቅልፍ ወሰደው። አንበሳው ገብቶ፥ መሬት ላይ የተኛውን ሰው ረግጦ አልፎ፥ ራያልን ከአልጋው አንሥቶ ይዞት ሄደ። ሊያድኑ የሄዱት ታደኑ። ፉርጎው የብረትና የእንጨት ቤት ነበረ፤ ከሸራ ድንኳን የሚበልጥ ነበረ፤ የጐደለው መቀርቀሪያና የነቃ ዘበኛ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ስለሚያስደነግጥ በመጽሐፍ ተጽፎ ሲነበብ ይኖራል። ነገር ግን ከአንበሳ ሁሉ የሚከፋው የቆላ ጠላት ከጣት ጥፍር ያነሰ ነው።

የደጋ ሰው ቆላን የሚፈራው ስለ ንዳድ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሳይደርቅ፥ ማለት ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፥ ወደ ወንዝ ሸለቆ የወረደ ሰው ታሞ እንደሚመለስ፥ ወይም ጨርሶ እንደማይመለስ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ምክንያቱን ግን የአውሮፓ ሐኪሞችም በዚያን ዘመን አያውቁትም ነበር። ከረግረግ የሚወጣ ክፉ አየር ነው ይሉ ነበር፤ «ማላሪያ» የሚለውም ቃል በኢጣልያ ቋንቋ ክፉ አየር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት መንገደኞች የጻፉትን እናነጻጽር። ማንስፊልድ ፓርኪንስ የሚባል እንግሊዛዊ ከ1843 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል በትግራይ ኖረ፤ እንደ አገሩ ሰው ለብሶ፥ እንደ አገሩ ሰው በልቶ፥ ያለ ጫማ እየሄደ በመረብ በረሃ አደነ። በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚናገረው፥ የቆላ ሰዎች ንዳድ ባለበት ስፍራ ሲያድሩ ሁለት ትልልቅ እሳት አንድደው በመካከላቸው ይተኛሉ፥ ራሳቸውንም በልብሳቸው ይከናነባሉ፤ እርሱም ይህን ልማድ ተከትሎ ተጠቀመበት። ፓርኪንስ ምክንያቱን ባያውቅም ልማዱን አልናቀም። ሁለተኛው ሪቻርድ በርተን ነው፤ በጥር 1855 ዓ.ም. ወደ ሐረር የገባው ሰው። በርተን በ1856 በታተመው መጽሐፉ የሶማሌ ሰዎች የትንኝ ንክሻ ክፉ ንዳድ ያመጣል ብለው እንደሚያምኑ ጽፏል። ነገር ግን ይህን ከንቱ እምነት ነው ብሎ፥ ትንኝና ንዳድ ባንድ ጊዜ ስለሚበረቱ ሰዎቹ ተሳስተው ሳይሆን አይቀርም አለ። በርተን ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ፥ እጅግ የተማረ ሰው ነበረ። እውነቱን በእጁ ይዞ ጣለው፤ ዓለምም ከዚያ በኋላ 40 ዓመት ጠበቀ።

በነሐሴ 20 ቀን 1897 ዓ.ም. ሮናልድ ሮስ የሚባል የእንግሊዝ ጦር ሐኪም በህንድ አገር በሴኩንደራባድ የትንኝ ሆድ ከፍቶ በማጕሊያ መነጽር ሲመለከት የንዳዱን ተውሳክ አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲና ባልንጀሮቹ በኢጣልያ አገር የሰውን ንዳድ የምታስተላልፈው ትንኝ አኖፌሌስ የምትባለው እንደ ሆነች አስረዱ። ሆኖም ሰው በቀላሉ አላመነም። ስለዚህ የሮስ መምህር የነበረው ፓትሪክ ማንሰን በ1900 ዓ.ም. አንድ ፈተና አዘጋጀ። በሮማ አጠገብ በኦስቲያ ረግረግ ዳር፥ በየዓመቱ ሰው በንዳድ በሚወድቅበት ስፍራ፥ በእንግሊዝ አገር የተሠራች ትንሽ የእንጨት ቤት አስተከለ፤ መስኮቷና ደጇ በቀጭን የሽቦ ወንፊት የተሸፈነ ነበረ። ሐኪሞቹ ሳምቦንና ሎው ከጥቂት ሰዎች ጋራ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በዚያች ቤት ኖሩ። ቀን እንደ ማንኛውም ሰው ወጥተው ይዘዋወራሉ፥ የአገሩን ውሃ ይጠጣሉ፥ ሌሊት መስኮቱን ከፍተው ያንኑ «ክፉ» የተባለውን አየር ይተነፍሳሉ፥ ኪኒንም አይወስዱም። የሚጠነቀቁት አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገብተው ከወንፊቱ ውስጥ ማደር። በዙሪያቸው ያለው ባላገር በንዳድ ሲንቀጠቀጥ ከነርሱ አንድ ሰው እንኳ አልታመመም። በዚያው ዓመት ደግሞ ማንሰን ከሮማ የንዳድ ትንኞች ወደ ለንደን አስመጥቶ የገዛ ልጁን አስነከሰ፤ ልጁም ንዳድ በሌለበት ከተማ ተቀምጦ በንዳድ ታመመ፥ በኋላም ታክሞ ዳነ።

እንግዲህ የአዳኝ ሕይወት የሚጠበቀው በመኝታው መሆኑ በዚህ ተገለጠ። ያቺ ትንኝ የምትናከሰው ይልቁንም በሌሊት ነውና። የቆላ ሰዎች ሁለት እሳትም ከንቱ አልነበረም፤ ጢሱ ትንኙን በመጠኑ ያርቃል፥ መከናነቡም ፊትን ይሸፍናል። ፍጹም መከላከያ እንዳልሆነ ግን መናገር ይገባል፤ እሳቱ ንጋት ሲቃረብ ይጠፋል፥ ሰውም በሙቀት ጊዜ ተከናንቦ ማደር አይችልም። አጎበር የሚበልጠው ስለዚህ ነው፤ እርሱም ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ተጠቅጥቆ ካልተገባ ጥቅም የለውም፥ ክንድም ከመረቡ ተጣብቆ ካደረ ትንኟ በቀዳዳው ትነክሳለች። የሰፈሩም ቦታ ከዚሁ ጋራ ይታያል። አዳኝ አውሬው ወደ ውሃ ስለሚመጣ ከውሃው ዳር መስፈር ይወዳል፤ ይህ ልማድ ግን በሁለት በኩል ይጐዳዋል፥ አውሬው ሰው ሸቶት ውሃውን ይተወዋል፥ ትንኙም የሚፈለፈለው ከረጋ ውሃ ነው። ከውሃው ራቅ ብሎ፥ ነፋስ በሚያገኘው ከፍታ ላይ የሰፈረ ሰው ውሃ ለመቅዳት ጥቂት ይደክማል እንጂ በሌላው ሁሉ ይጠቀማል።

ከመሬት ከፍ ብሎ ስለ መተኛትም እንዲሁ ነው። በመካከለኛውና በምሥራቅ አፍሪካ በመንገደኛ ማደሪያዎችና በአሮጌ ጎጆዎች ወለል ውስጥ ቀን ተሸሽጎ ሌሊት የሚወጣ መዥገር አለ፤ የነከሰውን ሰው እየተመላለሰ የሚነሣ ትኵሳት ያሲዘዋል። ሊቪንግስተን የመዥገሩን ንክሻ ክፋት በ1857 ጽፎታል። ይህ መዥገር በሽታውን እንደሚያስተላልፍ በኮንጎ ሲመረምር የነበረው ሐኪም ደተን በዚያው በሽታ ተይዞ በየካቲት 1905 ዓ.ም. ሞተ። ስለዚህ ብልህ አዳኝ ተጠርጎ የተዘጋጀ አሮጌ ሰፈር ቢያገኝ አይደሰትም፤ ማንም ያላደረበትን ሣር አስጠርጎ ድንኳኑን በዚያ ያስተክላል።

ይህ ሁሉ እውቀት ተሰብስቦ የታየው ቴዎዶር ሩዝቬልት ከአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት በወረዱበት በ1909 ዓ.ም. ነው። በሚያዝያ ወር ከልጃቸው ከከርሚት ጋራ ለዋሽንግተን ቤተ መዘክር አራዊትን ለመሰብሰብ ሞምባሳ ገቡ፤ ጕዟቸውም በመጋቢት 1910 ካርቱም ላይ አለቀ። ጓዛቸው እጅግ ብዙ ነበረ፤ ለቈዳ ማድረቂያ ብቻ 4 ቶን ጨው፥ በቈዳ የተደጐሱ መጻሕፍት የያዘ ሣጥን፥ ይህንም የሚሸከሙ ወደ 200 የሚሆኑ ሰዎች። በድንኳናቸውም ደጅ የአገራቸው ሰንደቅ ዓላማ ይውለበለብ ነበርና ከቀይ ድንኳን ልማድ ፈጽመው አልራቁም። ስለ ድንኳናቸው ውስጥ ሲጽፉ ግን የሚያመሰግኑት ሌላ ነገር ነው። መዥገርን፥ ሙጀሌንና ጊንጥን ስለሚከለክለው የወለል ሸራ፥ ከመሬት ከፍ ስለሚያደርገው የመኝታ አልጋ፥ ስለ ሙቅ ውሃ መታጠቢያው ይናገራሉ። አንድ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የ50 ዓመት ሰው ሆነው፥ ንዳድ በሞላበት አገር እያደኑ አልፈው፥ በደኅና ወጡ።

ከአራት ዓመት በኋላ እኒሁ ሰው በብራዚል አገር፥ ከኮሎኔል ሮንዶን ጋራ፥ መድረሻው ባልታወቀ ወንዝ ላይ ወረዱ። በየካቲት 1914 በታንኳ ተነሡ፤ ወንዙ ፏፏቴ እየበዛበት ታንኳዎቹ ሲሰበሩ፥ ጭነቱ ሊሸከሙት የማይቻል ስለ ሆነ፥ ድንኳኖቻቸውንና ጓዛቸውን በየመንገዱ እየጣሉ ሄዱ። ሌሊት በዝናብ የረጠበ ልብስ ለብሰው፥ በቂ መጠለያ ሳይኖር፥ ትንኝና ጕንዳን በሞላበት ጫካ ውስጥ ማደር ሆነ። ሩዝቬልት ታንኳ ሊያድኑ ውሃ ውስጥ ገብተው እግራቸው ቈሰለ፥ በላዩም ንዳድ ተነሣባቸው፤ ትኵሳቱ በርትቶ መንገር የማይገባቸውን እስከ መቀባዠር ደረሱ፥ ልጃቸውም በዚያ ሌሊት አጠገባቸው ነበረ። በሚያዝያ ወር ከጫካው ሲወጡ እጅግ ከስተው በሰው ድጋፍ ነበረ። ጤናቸውም ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ በጥር 6 ቀን 1919 ዓ.ም. በ60 ዓመታቸው፥ በቤታቸው፥ ተኝተው ሳሉ ሞቱ።